ልጄን ከክትባት ያስቀረሁበት ቀን

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው። ታላቋ ልጄ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። አንድ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ስትደርስ «ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄጂም» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። «አትሄጂም አልኩሽ» አልኳት። ከዚያ በላይ የምነግራት አልነበረኝም።

ያን ዕለት ትምህርት ቤቷ ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ይሰጥ ነበር። ክትባቱ በአገራችን ገና መጀመሩ ነው። የሚከተቡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ተራው የልጄ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ቤት አስቀረኋት። በማግስቱም አስቀረኋት። ከታቢዎቹ ሄደዋል ሲባል ነው የላኳት።

ይህን የምጽፈው የዚያን ጠዋት እኔን ለሚመስሉ ወላጆች ነው። ክትባት የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ይህቺው ልጅ በሕፃንነቷ ከተቀጠረላት ክትባት አንድም አልቀረባትም። የኩፍኙን በ9 ወሯ ራሴ አዝዬ ወስጄ ነው ያስከተብኳት። ካርዷን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ታዲያ ይህኛውን ለምን ፈራሁ? መልሱን ለራሴ እንኳ በደንብ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቡና ላይ ነው። አንዷ ጎረቤቴ «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው አሉ» አለች። ከየት ሰማሽ ስንላት ዘመዷ ቴሌግራም ላይ አይታ እንደነገረቻት አወራችን። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ለምን ለሴቶች ብቻ? ለምን በ14 ዓመት? ለምን በነፃ? ዛሬም ቢሆን እነዚህ ጥያቄዎች መጥፎ ናቸው አልልም። ልጁን የሚወድ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ እዚያ ረከቦት ዙሪያ ከተቀመጥነው መካከል መልሱን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። መልስ በሌለበት ደግሞ ወሬ ቦታውን ይይዛል።

ወሬው ለምን እንደዚያ ቶሎ እንደያዘን ሳስበው ስሙም አስተዋጽኦ እንዳለው ይታየኛል። ሰው ረጅሙን ስም አይጠራም። «የማህፀን መርፌ» ነው የሚለው። እኛ ሰፈር ደግሞ ከማህፀን ጋር የሚያያዝ መርፌ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነው፤ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ፣ ዲፖ የምንለው። ብዙዎቻችን ተወግተነዋል። እንግዲህ ለ14 ዓመት ልጅ ክንዷ ላይ የማህፀን መርፌ ሲባል የእናት ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሁለቱ መርፌዎች ምንም የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ የነገረን አልነበረም።

ከመካከላችን አንዷ ደግሞ እስራኤል የምትኖር እህት አላት። እሷ የነገረችን ወሬ አልነበረም፤ በአደባባይ የወጣ ጉዳይ ነው። እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይነገራቸው ዲፖ ይወጉ ነበር የሚል አቤቱታ ተነስቶ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ሐኪሞች መርፌውን የምትወስደው ሴት ነገሩን ካልተረዳችው እንዳያድሱላት መመሪያ አወጣ። ጉዳዩ ስለ ክትባት አይደለም። እኛ ግን ቡናችንን እየጠጣን ያወራነው ስለ መድኃኒቱ ዓይነት አልነበረም። ሴት ልጅ ሳይነገራት ትወጋለች ወይ? ትወጋለች። በቃ፣ ልባችን ላይ የቀረው ይሄ ነው።

የራሴ ታሪክም ነበረኝ። ታላቋን ልጄን በወለድኩ ማግስት አንዲት ባለሙያ መጥታ ክንዴን ያዘችና ወጋችኝ። «ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለአንቺው ነው፣ ይጠቅምሻል» ብላ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። ምናልባት በእርግጥም የሚጠቅመኝ ነበር። ሥራ በዝቶባትም ይሆናል። ግን ምን እንደተወጋሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ነገር 14 ዓመት ሙሉ ውስጤ ተቀምጦ ነበር። ልጄን በር ላይ ያቆምኳት ቀን የተነሳው እሱ ነው። ክትባቱን ከመፍራቴ ይልቅ «ይጠቅምሻል» ብሎ የሚሄድን ሰው ነበር የፈራሁት።

በዚያ ላይ አንዲት ልጅ ተከትባ ወደቀች የሚል ወሬ ከሌላ ትምህርት ቤት መጣ። በቃ፣ ውሳኔዬ ጸና።

ዓመታት አለፉ። በመካከሉ ኮሮና መጣ፤ ስለ ክትባት ያልተባለ ነገር አልነበረም። ያን እዚህ አላነሳውም።

በ2015 ዓ.ም. የእድራችን አባል የነበረች ሴት በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ገና 45 አልሞላትም። ደም ሲፈሳት ወራት ደብቃ ነበር። አፍራ ነው። ለማን ይነገራል? ሆስፒታል ስትሄድ በሽታው ርቆ ነበር፤ ለጨረር ሕክምናም ረጅም ወረፋ ነበረው። ልቅሶው ቤት ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ታላቋ ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ያኔ 18 ዓመቷ ነው። በዝግታ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ያስቀረሽኝ ክትባት የዚህ በሽታ ነበር አይደል?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ጥያቄ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ወደ ቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትባት ክፍል ያለችው ሲስተር የማትቸኩል ሴት ናት። እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ተሰልፈው ስለነበር «እህቴ፣ እስክጨርስ ቁጭ በይ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ያህል እናወራለን» አለችኝ። ጠበቅኳት። ከሰዓት በኋላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያለኝን ጥያቄ ሁሉ ዘረገፍኩት። «ያመክናል ይባላል» ከሚለው ጀመርኩ። አልሳቀችብኝም። «ማን አለሽ?» ብላም አላፋጠጠችኝም። «እሺ፣ መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ልንገርሽ» አለችኝ።

የነገረችኝን ባስታወስኩት መጠን ልጻፈው። እኔን የለወጠኝ እሱ ስለሆነ ቶሎ አላልፈውም።

የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ባጭሩ ኤችፒቪ። ብዙ ዓይነት አለው። ከእነዚያ ውስጥ 16 እና 18 ተብለው በቁጥር የሚጠሩት ሁለቱ ብቻቸውን ከአሥር የማህፀን በር ካንሰሮች ሰባቱን ያህል ያመጣሉ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ በጣም የተለመደም ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ሳያውቀውም ይጠፋለታል። በጥቂት ሴቶች ግን ሳይጠፋ ይቀራል። ከቆየ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

«ክትባቱ ውስጥ ግን ቫይረሱ የለም» አለችኝ። «የሞተም፣ የደከመም የለም። ያለው የውጭ ልባሱ ብቻ ነው። የንብ ቀፎ አይተሽ የለ? ቀፎው አለ፤ ንቡ የለም።» ልባሱ የሚሠራው ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ራሱን በራሱ እየገጣጠመ ክብ ቀፎ ይሆናል። ውስጡ ባዶ ነው። ቫይረሱ የሚባዛበት የዘር መልእክት እዚያ ውስጥ ስለሌለ በሽታ ሊያመጣ አይችልም። ይህን ፕሮቲን ከሚያመርቱባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ እርሾ ነው። ዳቦ የምንጋግርበት እርሾ! ፕሮቲኑን እንዲሠራ ተደርጎ ይራባል፤ ከዚያ ተጣርቶ ይወጣል። ይህን ስትነግረኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልቤ ትንሽ ረጋ። የማውቀው ነገር ስም ስለሰማሁ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ ነገረችኝ። በሰውነታችን ውስጥ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ከእነሱ መካከል አንደኛው ወገን እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን። የኤችፒቪን ልባስ የሚያውቁ ጥቂቶች አስቀድመውም አሉ፤ ግን ሥራ ፈትተው ይዞራሉ። መርፌው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ በዚያ አካባቢ ያሉ ጠባቂ ሕዋሳት ባዶውን ቀፎ ያነሱታል። አንስተው በብብት ሥር ወዳለው ንፍፊት ይወስዱታል። እዚያ ቅርጹ የሚገጥመው ሕዋስ ያገኘዋል። መባዛት ይጀምራል። ሲባዛ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል፤ ከተለዋወጡት ውስጥ ልባሱን አጥብቆ የሚይዘው ይመረጥና እሱ ደግሞ ይባዛል። ይህ ሥራ ሳምንታት ይፈጃል። ክንድ የሚያብጠውና የሚያቃጥለው፣ አንዳንዴም ትኩሳት የሚመጣው ሰውነት ሥራ ላይ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ከተመረጡት ሕዋሳት ከፊሎቹ አጥንት ውስጥ መቅኒ ላይ ይሰፍራሉ። እዚያ ሆነው ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን መከላከያ ለዓመታት ያመርታሉ። ሌሎቹ ቅርጹን አስታውሰው ዝም ብለው ይቆያሉ። እውነተኛው ቫይረስ የመጣ ቀን እንደ አዲስ መማር የለባቸውም። መከላከያው ቀድሞ በደም አልፎ ማህፀን በር ላይ ደርሶ ይጠብቀዋል። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይለጠፍበትና ያግደዋል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። «ቫይረሱ በተፈጥሮ ቢይዛት ሰውነቷ ራሱ አይማርም ወይ? ኩፍኝ እኮ አንዴ የያዘው ሰው አይደግመውም» አልኳት። በጥያቄዬ ደስ አላት። ኩፍኝ በደም ይዘዋወራል፤ መላ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ሰውነት በደንብ ያየዋል። ኤችፒቪ ግን ድብቅ ነው። ማህፀን በር ላይ ባለው ስስ ሽፋን ሥር ይቀመጣል። ደም ውስጥ አይገባም። ሕዋሱን በጩኸት አይገድለውም። ሰውነት ብዙ ጊዜ እዚያ መኖሩን እንኳ ልብ አይልም። ስለዚህ በተፈጥሮ የሚገኘው መከላከያ ደካማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ደግሞ ጭራሽ አያገኙም። ክትባቱ ያንን ድብቅ ነገር አውጥቶ ጡንቻ ውስጥ፣ ጠባቂዎቹ በሚያዩበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ከክትባቱ የሚገኘው መከላከያ በተፈጥሮ ከሚገኘው እጅግ የበለጠ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች መጣን። ለምን ለሴቶች ብቻ? ቫይረሱ ወንዶችንም ይይዛል፤ በሌላ ዓይነት ካንሰርም ያሳምማቸዋል። አውስትራሊያ ለወንዶችም መስጠት የጀመረችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ ለሴቶች የሆነው የማህፀን በር ካንሰር የሚገድለው ሴቶችን ስለሆነና ክትባቱ በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረበት ነው። በአንድ ዕድሜ ብቻ የተጀመረውም በዚሁ እጥረት ነው። ለምን በነፃ? ኩፍኙም፣ ፖሊዮውም፣ የቲቢውም በነፃ ነው። መንግሥትና ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ይከፍሉበታል። ልጄን በ9 ወሯ ሳስከትባት «ለምን በነፃ?» ብዬ አለመጠየቄን ያኔ ነው ያስታወስኩት።

ለምን በልጅነት? ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እንደ ስድብ ነበር የተሰማኝ። ልጄ ገና ልጅ ናት። ስለ ወንድ የማታውቅን ልጅ ለምን በዚህ ጉዳይ ያነሷታል? ሲስተርን ይህንንም አልደበቅኳትም። እሷም የልጅ እናት ናት። «ክትባቱ የመከላከያ እንጂ የመፈወሻ አይደለም» አለችኝ። «ቫይረሱ ከገባ በኋላ አያስወጣውም። ቀድሞ መድረስ አለበት። የልጅ ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው ይበልጥ ጠንካራ መከላከያ ይሠራል። ልጅሽ በ25 ዓመቷ፣ በሥርዓት፣ በተክሊል ብታገባም ክትባቱ ያኔም ይጠብቃታል። እሷ ራሷን ብትጠብቅ የባሏን ያለፈ ሕይወት ማን ያውቅላታል?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

መካንነትን በተመለከተ ረጅም ንግግር አላደረገችም። አውስትራሊያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጃገረዶቿን ትከትባለች። ያኔ የተከተቡት ዛሬ ወልደው የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። በመርፌው ውስጥ ሆርሞን የለም። ከእንቁላል ዘር ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም። እንዲያውም መውለድን የሚያሳጣው በሽታው ነው አለችኝ፤ የማህፀን በር ካንሰር ሲጠና ማህፀን ማውጣት ወይም ጨረር ይመጣል። በስዊድን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሴቶችን ተከታትሎ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም አለ። ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ከመልካሙ ወሬ ይልቅ ጉዳቱን አለመደበቋ ነው። «ያማል» አለችኝ። «ክንድ አንድ ሁለት ቀን ይከብዳል። ራስ ምታትና ትኩሳት ሊኖር ይችላል። እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ይመጣል፤ ስለዚህ ነው ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ የምንለው። ደግሞም ሁሉንም የኤችፒቪ ዓይነት አይከላከልም።» ስለወደቀችው ልጅም ጠየቅኳት። በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆች ከየትኛውም መርፌ በኋላ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ቁርስ ሳይበሉ ሲመጡና ሲፈሩ ይበረታል። አንዷ ስትወድቅ ሰልፍ ላይ ያሉት ያያሉ፤ እነሱም ይደነግጣሉ። ማታ ወሬው ከተማውን ያዳርሳል። ቶሎ የነቃችዋ ልጅ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት መሄዷን ማንም አያወራም።

ጥርጣሬ የእኛ የድሆቹ ብቻ እንዳልሆነም ከእሷ ነው የሰማሁት። በጃፓን በ2013 እ.ኤ.አ. ጥቂት ልጃገረዶች ከክትባቱ በኋላ ታመሙ የሚል ዜና በቴሌቪዥን ሲደጋገም መንግሥት «ተከተቡ» ብሎ መምከሩን አቆመ። 70 በመቶ ገደማ የነበረው የሚከተቡት ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ክትባቱ ላይ ችግር እንደሌለ ተጣርቶ ምክሩ እስኪመለስ ድረስ 2022 ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ተራቸው ያለፋቸው ልጆች የእኔን ልጅ ነው የሚመስሉኝ።

ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የተወለደችው ጎጃም ነው። ግራ ክንዷ ላይ እንደ ሳንቲም የከበበ ጠባሳ አላት። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካሁ እጫወትበት ነበር፤ ታሪኩን ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። የፈንጣጣ ክትባት ነው። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታቢዎቹ እነሱ መንደር ሲደርሱ እሷም የ14 ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። አያቴ ከጎተራው ኋላ ደበቋት።

«ለምን ደበቁሽ?» አልኳት።

«እኛ እኮ ከታቢ ነበረን» አለችኝ። ድሮ በአገራችን ፈንጣጣ ሲገባ ቀለል አድርጎ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ በጥተው ያስገቡ ነበር። ቀለል ብሎ ይታመምና ይድናል፤ ዳግመኛ አይዘውም። ጥቅም ነበረው። ግን የሚሰጠው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱን ይገድላል፤ በሽታውንም ወደ ሌላ መንደር ያዛምታል። የመንግሥቱ ክትባት ሌላ ነበር፤ የፈንጣጣ ዘመድ ከሆነና እንደ ፈንጣጣ ሰውን ከማይገድል ቫይረስ የተሠራ። ለአያቴ ግን ይህ ልዩነት ከየት ይታወቃል? እንግዳ ሰው፣ እንግዳ መርፌ፣ በእጅ ያለው ደግሞ የሚታወቅ ልማድ።

«ታዲያ በኋላ እንዴት ተከተብሽ?» አልኳት። ከታቢው ወጣት ልጅ ነበር አለች። መሽቶበት እነሱ ቤት አደረ። አያቴ እራት አበሉትና ሲጠይቁት አመሹ። ክንዱን ገልጦ የራሱን ጠባሳ አሳያቸው። የእሳቸው ከታቢ የሚሰጠው ከሱ በምን እንደሚለይ ነገራቸው። ጠዋት አያቴ ራሳቸው ከጎተራው ኋላ ጠሯት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አለች እናቴ፣ ይህን ነግራኝ ስትጨርስ። ስለ ታናሽ ልጄ ማለቷ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ፈንጣጣ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ነው። የዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ታማሚ ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ፣ መርካ የነበረው አሊ ማው ማሊን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ክትባቱን ሳይወስድ ቀርቶ ነበር። ዳነ። በኋላም ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ እየዞረ ወላጆችን ያሳምን ነበር፤ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። የፈራን ሰው የሚያሳምነው ፈርቶ የነበረ ሰው መሆኑ እውነት ነው መሰለኝ። «ክትባት» የሚለውን ቃላችንን ራሱን ልብ በሉት። «ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚሁ ቃል ነው የመጣው። ሲስተር ስለሚያስታውሱት ሕዋሳት ስትነግረኝ ይህን ቃል አስቤው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረችው አማቴ ነበረች። እትዬ የምላት ሴት ናት፤ ቃሏ በቤታችን ይከበራል። ታናሿን ልጄን ላስከትብ ማሰቤን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። በፊት ብሆን እከራከራት ነበር። አሁን ግን ሲስተር እኔን እንዳደረገችኝ አደረግኩ። «እትዬ፣ ምን ሰምተሽ ነው የፈራሽው?» አልኳት። ነገረችኝ። የማውቀውን መለስኩላት። የማላውቀውን «ይህን አላውቅም፤ አብረን ሄደን እንጠይቅ» አልኳት። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጥ እንደሠራ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ አብራኝ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የጠየቀችው ግን ስለ ልጅቷ ብቻ አልነበረም። «እኛስ ትልልቆቹ?» አለች።

በዚህ ምክንያት እኔም ተመረመርኩ። ይህን ለእናቶች በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ጠይቁ። እኔ የተመረመርኩት ማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ቀብተው በዓይን በማየት ነው፤ የኮምጣጤው አሲድ ማለት ነው። ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ይነጣል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ችግር ቢገኝ ገና ካንሰር ሳይሆን ብዙ ጊዜ እዚያው ይታከማል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ቀደም ብለው፣ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ ቢመረመሩ ይመከራል። የእድራችን ሟች ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ተመርምራ አታውቅም ነበር። የተከተቡ ልጆችም ዕድሜያቸው ሲደርስ መመርመር አለባቸው፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንምና።

ልጃችሁን የምታስከትቡበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ቁርሷን አብሏት። እጅጌው ቀለል ያለ ልብስ አልብሷት። ከዚህ በፊት በመርፌ ወይም በክትባት ብርቱ አለርጂ ይዟት ከነበረ ሳትወጋ ንገሯቸው። በትኩሳት ከታመመች እስኪሻላት ቆዩ። ከሁሉም በፊት ምን እንደምትወጋ ለልጅቷ ራሷ ንገሯት። ለእኔ ያልተነገረኝ ይሄ ነው፤ እኔም ለታላቋ ልጄ ያልነገርኳት ይሄ ነው።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ተራው የታናሿ ሆነ። በዚያ ዘመቻ ክትባቱ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ሆኖ ነበር፤ መርፌውም አንድ ብቻ ነው። በ2011 ሁለት ነበር፣ ስድስት ወር ተራርቆ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዱም በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ ያጸደቀው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ታናሿ 11 ዓመቷ ነው። ማታ ስለ ቀፎውና ስለ እርሾው ነገርኳት። «ንቡ ግን በእርግጠኝነት የለም?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ታላቋ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ስለነበር አብራን ሄደች። ትንሿ መርፌውን ስታይ የእህቷን እጅ ጨመቀች። አለቀ። ጥጡን ይዛ 15 ደቂቃዋን ልትቆጥር ተቀመጠች።

ታላቋ ያን ጊዜ ወደ ሲስተር ጠጋ ብላ «እኔስ? አለፈኝ ማለት ነው?» አለቻት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ሲስተር እውነቱን ነገረቻት። በዘመቻው በነፃ የሚሰጠው ለትንንሾቹ ነው። በሌላ አገር እስከ 26 ዓመት ድረስ ያልተከተቡትን ይከትባሉ፤ ስለዚህ ከተገኘ አሁንም ይጠቅምሻል፤ እኔም አጠያይቅልሻለሁ አለቻት። «ባይገኝም ደግሞ 30 ሲሞላሽ ምርመራውን እንዳትዘነጊ። በ30 ዓመትሽ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ልጄ። ስልኳን አወጣችና ዓመተ ምሕረቱን አስልታ ጻፈችው።